ሁለት ሰው በዘገምተኛ ጀልባ፦ ከፖቶማክ ወንዝ እስከ ፍሎሪዳ እንዴት ይኬዳል?

ከዋሽንግተን ዲሲ እስከ ሴንት ኦገስቲን፣ ፍሎሪዳ በመኪና የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። እኔና ባለቤቴን ሰባት ሳምንት ፈጀብን። የሄድነው በውሃ ነው። ጀልባችን 36 ጫማ ርዝመት አላት። ሞተሯ አንድ ነው፣ በናፍጣ የሚሠራ። ጎበዝ ብስክሌት ነጂ ይቀድማታል።

ከተመለስን ወዲህ የሚጠይቀን ሰው በዛ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ሰርግ ቤት፣ በስልክ። “አትፈሩም ወይ?” “ምን ትበላላችሁ?” “ገንዘቡስ?” በተለይ ልጆቻቸውን አሳድገው ጡረታ የደረሱ ባልና ሚስቶች ልባቸው ሲነሳ አያለሁ። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ጎልማሳ እስክሆን ባሕር አላየሁም። ስለዚህ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ነው የምጽፈው።

በቅድሚያ መንገዱን እወቁት። ከኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ እስከ ማያሚ 1,090 ማይል ገደማ የሚሆን የውስጥ የውሃ መንገድ አለ። ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ ይባላል። ወንዞችን፣ በሰው እጅ የተቆፈሩ ቦዮችን፣ ከደሴቶች ጀርባ ያሉ ሰፋፊ ውሃዎችን አገናኝቶ ይወርዳል። ዋናው ውቅያኖስ ከደሴቶቹ ማዶ ይቀራል። ለዚህ ነው ትንሽ ጀልባ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚደፍረው። ርቀቱ የሚቆጠረው ከኖርፎክ ዜሮ ማይል ተነስቶ ነው፤ ሴንት ኦገስቲን 778ኛው ማይል ላይ ናት።

1. “አይሆንም” የሚለው ይሰማ

ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ሕግ ተስማሙ። ከሁለት አንዳችሁ “ዛሬ አንሄድም” ካለ አይኬድም። ምክንያት አይጠየቅም። “ትናንት እኮ እሺ ብለሽ ነበር” አይባልም። በማግስቱም አይነሳም።

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። አንዱ እየፈራ ዝም ካለ ሌላው አያውቅም። የፈራ ሰው ደግሞ ገመድ ሲይዝ ይሳሳታል። እኛ ይህን ሕግ ያወጣነው ከመነሳታችን በፊት አይደለም። አንድ መጥፎ ቀን ካየን በኋላ ነው። ስለዚያ ቀን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ስምምነት ስለ ቀጠሮ ነው። ዘገምተኛ ጀልባ ላይ ሆናችሁ ለማንም ቁርጥ ያለ ቀን አትስጡ። ዘመድ መጥቶ ሊጎበኛችሁ ከፈለገ “ሁለት ቀን ሲቀረን እንደውላለን” በሉ። ቅር የሚለው ይኖራል። ይበለው።

2. ጀልባዋን ምረጡ

እንዲህ ላለው ጉዞ የሚሆነው ትሮለር የሚባለው ዓይነት ነው። ሆዷ ጥልቅ፣ አካሄዷ ከባድ፣ ውስጧ እንደ ትንሽ ቤት የሆነ። ፈጣን ጀልባ ውሃውን ረግጣ ከላይ ትንሳፈፋለች። ትሮለር ውሃውን እየገፋች ነው የምትሄደው። ስለዚህ ከአቅሟ በላይ አትፈጥንም። ልኩ የታወቀ ነው። ውሃው ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ በጫማ ይለካል፤ የዚያ ስኩዌር ሩት በ1.34 ይባዛል። ርዝመቱ 36 ጫማ ከሆነ ስኩዌር ሩቱ 6 ነው። ሲባዛ 8 ኖት ይመጣል። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ማለት ነው፤ በመኪና ማይል 1.15 ይሆናል።

8 ትሄዳለች ተብሎ ግን 8 አይነዳም። በ7 ንዱ። ለመጨረሻዋ አንድ ኖት የምትከፍሉት ናፍጣ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የእኛ ጀልባ በ7 ኖት በሰዓት ሁለት ጋሎን ገደማ ትጠጣለች። 7 ኖት በሰዓት 8 ማይል ነው። 778 ማይል ለ8 ሲካፈል 97 ሰዓት። ከኖርፎክ እስከ ሴንት ኦገስቲን 194 ጋሎን ናፍጣ ይበቃል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቶ ሲያሳየኝ ነው እኔም ልቤ የራራው።

በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ ብዙ ትሮለሮች እስካሁን ይሸጣሉ። አዲስ መኪና በሚገዛበት ገንዘብ የምትገኝ አለች። ሁለት ነገር ግን አጥብቃችሁ እዩ። አንደኛ፣ የናፍጣ ታንከሩ ጥቁር ብረት ከሆነ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ታንከር መቀየር ሞተር ማውጣት ድረስ ያደርሳል፤ ዋጋው ያስደነግጣል። ሁለተኛ፣ የላይኛው ወለል በጣውላ የተለበጠ ከሆነ በብሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ውስጡን አበስብሶት ይሆናል። በጫማችሁ ተረከዝ ደብድቡት። ድምፁ የሚታፈንበት ቦታ ካለ ጠርጥሩ።

3. አስመርምሩ፣ አስመዝግቡ፣ ኢንሹራንስ ግቡ

ያለ ምርመራ አትግዙ። ሰርቬየር የሚባል ባለሙያ አለ። ጀልባዋን ከውሃ አስወጥቶ ሆዷን ያያል፤ ከዚያ ውሃ ላይ ነድቶ ይሞክራታል። የሞተር ዘይቱን ናሙና ላቦራቶሪ አስልኩ። ሰርቬየሩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ቅጠሩ እንጂ ሻጩ የጠቆማችሁን አትያዙ። እኛ መጀመሪያ ልንገዛት የነበረችውን ጀልባ የተውናት በዚህ ምርመራ ነው። ውጪዋ የሙሽራ መኪና ይመስል ነበር፤ ታንከሯ ግን ያንጠባጥባል።

ምዝገባው ሁለት መንገድ አለው። በፌዴራል ደረጃ ለማስመዝገብ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ በስቴት ደረጃ ታስመዘግባላችሁ።

ኢንሹራንሱ ጉዟችሁን ይወስነዋል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ብዙ ኢንሹራንሶች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ድረስ ከአንድ መስመር በታች ወደ ደቡብ እንዳትወርዱ ያስገድዳሉ። መስመሩ የት እንደሆነ ውሉ ላይ አንብቡ። እኛ በዚህ ምክንያት ከዲሲ በኦክቶበር አጋማሽ ተነሳን። ቀዝቃዛው ሳይጠና፣ አውሎ ነፋሱም እየደከመ ሲሄድ ማለት ነው።

4. ሁለታችሁም ተማሩ

በቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት የደኅንነት ትምህርት የወሰደ ሰው መሆን ግዴታ ነው። እሱን ሁለታችሁም ውሰዱ። አንዱ ቢታመም ሌላው ጀልባዋን ወደብ ማድረስ መቻል አለበት። ዋናም ተማሩ። እኔ በ54 ዓመቴ ነው የተማርኩት፤ የሰፈራችን የሕዝብ መዋኛ ውስጥ፣ ከልጆች ጋር ተሰልፌ። ዋና ብታውቁም ላይፍ ጃኬቱ አይቀርም። ከጀልባዋ ውስጠኛ ክፍል ስትወጡ አድርጉት። የእሳት ማጥፊያችሁንም ገልብጣችሁ የተሠራበትን ዓመት እዩ፤ ከ2022 ጀምሮ በወጣው ደንብ ዳግም የማይሞላው ዓይነት ከተሠራ 12 ዓመት ካለፈው አይቆጠርላችሁም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። ብዙ ባልና ሚስት የሚጣሉት ጀልባዋን ሲያቆሙ ነው። ባል መሪ ይይዛል፣ ሚስት ገመድ ይዛ ትዘላለች፣ እሱ ይጮኻል። እናንተ ገልብጡት። ገመድ መሳብ ጉልበት ይጠይቃል፤ መሪ መያዝ ግን ትዕግሥት ነው። እኛ ጋ መሪው የእኔ ነው።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ነፋሱና የውሃው ግፊት ከየት እንደሆነ መጀመሪያ ቆም ብላችሁ እዩ። በተቻለ መጠን ግፊቱን በፊት ለፊት ተቀብላችሁ ቅረቡ። ከመሬት ጋ መጀመሪያ የሚታሰረው ከጀልባዋ ወገብ ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄደው ገመድ ነው። እሱ ከታሰረ በኋላ ማርሹን ወደ ፊት አስገብታችሁ ነዳጅ ሳትሰጡ ተዉት። መሪውን ከመሬቱ በተቃራኒ አዙሩ። ጀልባዋ በራሷ ጊዜ መጥታ ትለጠፋለች። የቀሩትን ገመዶች ተረጋግታችሁ ታስራላችሁ።

ማንም ወደ መሬት አይዝለል። በጀልባዋና በመሬቱ መካከል እግርም እጅም አይግባ፤ አሥር ቶን ክብደት ነው የሚመጣባችሁ። ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለታችሁ ግዙ። እሱ ከፊት ሆኖ በለሆሳስ “አምስት ጫማ፣ ሦስት ጫማ” ሲለኝ ነው የምሰማው። ድሮ ሲጮኽብኝ የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር። ሞተሩ እንዳይውጠው ነበር ለካ።

5. ሞተሩን እንደ ልጅ ጠብቁት

አንድ ሞተር ብቻ ነው ያላችሁ። በየማለዳው ሳይነሳ በፊት ይህን አድርጉ። ዘይቱን በመለኪያው እዩ። የማቀዝቀዣውን ውሃ እዩ። ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ከላላ አጥብቁ። ከሞተሩ ሥር በባትሪ መብራት ተመልከቱ፤ ትናንት ያልነበረ ውሃ ወይም ዘይት ካለ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አትነሱ። ከውጪ የሚገባውን ውሃ የሚያጣራውን ወንፊት ክፈቱና ቅጠሉን አውጡ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ጢስ መውጫው በኩል ውሃ እየተረጨ መሆኑን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ካልወጣ ወዲያው አጥፉ።

መለዋወጫ፦ የናፍጣ ፊልትሮ ከስድስት የማያንስ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የውሃ ፖምፓው የጎማ ክንፍ፣ ዘይት። አዲስ አበባ ጋራዥ ሠርቶ የሚያውቅ ዘመድ ካላችሁ አንድ ቀን ምሳ ጋብዛችሁ ፊልትሮ አቀያየሩን ተማሩ። የናፍጣ ሞተር ያው ነው።

ስድስት ፊልትሮ ያልኩት ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ባረጀ ታንከር ሥር ዝቃጭ ይተኛል። ውሃው ጸጥ ባለ ቀን ዝቃጩም ይተኛል። ማዕበል ሲመጣ ይበጠበጥና ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ሞተር የሚጠፋው ሞተር እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሁለት ፊልትሮ ጎን ለጎን አስገጥማችሁ በአንድ ቧንቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር እንድትችሉ አድርጉ። እኛን ያወጣን እሱ ነው።

6. ስንቅ

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከማንም ይበልጣል። እናቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖር ለረጅም መንገድ ስንቅ ያዘጋጁ ነበር። ጀልባ የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ የማይበላሽ፣ ቦታ የማይዝ፣ በትንሽ እሳት የሚደርስ።

ድርቆሽ በጆንያ ያዙ። ቁሌት ሠርታችሁ ትፈተፍታላችሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ። ጭኮ ለሳምንታት ይቆያል። ማዕበል ባለበት ቀን ምድጃ አይለኮስም፤ ያን ቀን በሶና ቆሎ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ እኛ ደቡብ ካሮላይና ነበርን። ከሽሮና ከምስር ሌላ ምንም አላማረንም።

እንጀራ መጋገር የምትችሉት ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ የመሬት መብራት ስትሰኩ ብቻ ነው። ምጣዱ ብቻውን ከ1,000 ዋት በላይ ይበላል። መልህቅ ጥላችሁ በባትሪ ስታድሩ አይሞከርም። ማሪናም ውስጥ ቢሆን ምጣዱን፣ የውሃ ማሞቂያውንና የክፍል ማሞቂያውን አንድ ላይ ካበራችሁ ቆጣሪው ይጥላል።

ቡና በጋዝ ምድጃው ይፈላል። ከሰል ግን በጀልባ ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስም። የከሰል ጢስ ስንት ቤት እንዳዘጋ ሁላችን እናውቃለን። የጀልባ ክፍል ደግሞ ከየትኛውም ቤት ይጠባል። ዕጣን ማጨስ ካማራችሁ ውጪ፣ ከኋላ በኩል፣ ጀልባዋ ቆማ ሳለ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግጠሙ፤ የሞተሩም ጢስ ይገባልና።

ውሃ በቁጠባ ለሁለታችን በቀን አሥር ጋሎን በቃን። የመጸዳጃው ቋት ሲሞላ ማሪና ገብታችሁ ታስመጥጣላችሁ። ከባሕሩ ዳርቻ ሦስት ማይል ሳይርቁ ያልታከመ ፍሳሽ ውሃ ውስጥ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህ መንገድ ደግሞ በሙሉ ከሦስት ማይል ውስጥ ነው።

7. መነሳት

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ጻፉ። የጀልባዋ ስም፣ ቀለሟ፣ የእናንተ ስልክ፣ በየት በኩል እንደምታልፉ። ለምታምኑት ሰው ስጡ። በየምሽቱ ትደውሉለታላችሁ። ካልደወላችሁ በማግስቱ ለማን እንደሚያሳውቅ ወረቀቱ ላይ ይኑር፦ ኮስት ጋርድ፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው። የእኛን የያዘችው እህቴ ናት።

ፖቶማክን መውረድ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከዲሲ እስከ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ 100 ማይል ያህል ነው፤ ወንዙ እየሰፋ እየሰፋ ይሄድና መጨረሻው ላይ ማዶው ይደበዝዛል። አትቸኩሉ፣ በሁለት ቀን ውረዱት። የሸርጣን ወጥመድ ምልክቶችን ተጠንቀቁ። ኳስ የሚያክሉ ተንሳፋፊዎች ናቸው፤ ገመዳቸው ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። አንዳችሁ መሪ ሲይዝ ሌላው ዓይኑን ከውሃው ላይ አያንሳ። ለዚህም፣ አሸዋ ላይ ብትቀመጡም እንዲጎትቷችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ከጀልባ ጎታች ድርጅት ጋር ዓመታዊ አባልነት ግቡ። አንድ ጊዜ መጎተት ብቻ ከአባልነቱ ክፍያ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

8. ቦዩን ምረጡ፣ ነፋሱን ጠብቁ

ባሕረ ሰላጤውን ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ኖርፎክ ትደርሳላችሁ። ከኖርፎክ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በግሬት ብሪጅ የውሃ በር በኩል የሚሄደው ሰፊው ነው። ሌላው ዲስማል ስዋምፕ የሚባለው ቦይ ነው። ጠባብ ነው፣ 22 ማይል፣ በሁለቱም ጫፍ የውሃ በር አለው። በሩ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከኋላችሁ ይዘጋል፣ ውሃው ስምንት ጫማ ያህል ከፍ ያደርጋችኋል። ገመዳችሁን በእጅ ያዙት እንጂ አትሰሩት፤ ውሃው ሲነሳ ወይም ሲወርድ የታሰረ ጀልባ ይጋደማል።

እኛ ዲስማል ስዋምፕን መረጥን። ውሃው ከዛፎቹ በሚወጣው ቀለም ቀይ ሻይ ይመስላል። ዛፎቹ ከላይ ይገናኛሉ። ቦዩ የተከፈተው በ1805 ነው። የቆፈሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው፤ ወገባቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ በአካፋ። ከባርነት ያመለጡም በዚያው ረግረግ ውስጥ ተደብቀው ለትውልድ ኖረዋል። እዚያ ስናልፍ ባለቤቴ ሞተሩን እንዳቀዘቅዝ ጠየቀኝ። ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። እንደምትሄዱ ስታውቁ ቦዩ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ጥልቀቱም ስድስት ጫማ ገደማ ስለሆነ ከታች ግንድ ሊነካችሁ ይችላል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ቅጠል ወንፊቱን ይሞላዋል። ስትወጡ ክፈቱና አጽዱት።

ከዚያ አልቤማርል ሳውንድ ይመጣል። ሰፊ ውሃ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመታችኋል። ያልኳችሁ መጥፎ ቀን እዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር፤ ኑሮዋ ሻርሎት ነው። ክርስትና እናቱ እኔ ነኝ። የወንድ ልጅ ክርስትና ደግሞ በ40 ቀኑ ነው፤ አይገፋም። ከማዶ ጀልባዋን አቁመን መኪና ተከራይተን እንሄዳለን ብለን አስበን ነበር። ያን ማለዳ ትንበያው 20 ኖት ነፋስ ይላል። ባለቤቴ ሰማዩን አየና ዝም አለ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ዝም አልኩ። እሱ ስለ ክርስትናው ብሎ ነው፣ እኔ እሱ ካልፈራ ብዬ ነው። ተነሳን።

መሀል ላይ ስንደርስ ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ ነው። ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለቤቴ ወለሉን ከፍቶ ሞተሩ ጋ ወረደ። እኔ መሪውን ይዤ ማዕበሉን በሰያፍ ፊት ለፊት እየተቀበልኩ ቆየሁ። ፊልትሮውን አዞረው፣ ሞተሩ ተነፈሰ። ማዶ ወንዝ ውስጥ ገብተን መልህቅ ስንጥል እጄ መሪውን አልለቅ ብሎ ነበር። ክርስትናው ደረሰልን። ግን ያን ምሽት ሁለታችንም “ፈርቼ ነበር” ተባባልን። የመጀመሪያው ሕግ የወጣው ያኔ ነው።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ሰፊ ውሃ ከማቋረጣችሁ በፊት የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የባሕር ትንበያ ማታም ጠዋትም አንብቡ። ነፋሱ ከ10 ኖት በላይ ከሆነ ቆዩ። ማለዳ ሲነጋ ተነሱ፤ ብዙ ጊዜ ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ቀን መጠበቅ ካስፈለገ ሦስት ቀን ጠብቁ። ከሰባቱ ሳምንታችን የነዳነው አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

9. የዕለት ውሎ

በቀን 50 ማይል ይበቃል፤ ስድስት ሰዓት ከምናምን መንዳት ነው። በየሰዓቱ መሪ ተቀያየሩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ማደሪያችሁ ላይ ሁኑ። ኖቬምበር ውስጥ ቀኑ ያጥራል።

ወደ ደቡብ ስትሄዱ መንገዱን ለማሳየት ውሃው ላይ ከተተከሉት ምልክቶች ቀዩ በቀኝ፣ አረንጓዴው በግራ ይሁን። ወንዝ ሲያቋርጣችሁ ቀለሞቹ ይገለባበጣሉ። ያኔ ምልክቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቢጫ ቅርጽ እዩ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን በቀኝ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን በግራ። ይህቺን ብቻ ብታስታውሱ አሸዋ ላይ ከመቀመጥ ትድናላችሁ።

ለሚከፈቱ ድልድዮች በሬዲዮ ትጠራላችሁ። በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ቻናል 13፣ ከደቡብ ካሮላይና ጀምሮ ቻናል 9። የድልድዩን ስም ጥሩ፣ የጀልባችሁን ስም ተናገሩ፣ ወደየት እንደምትሄዱ በሉ። እንግሊዝኛችሁ አክሰንት አለው ብላችሁ አትፈሩ፤ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ቻናል 16 ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ የአደጋ ጥሪ እዚያ ነው። በሰሜን ካሮላይና ካምፕ ለጁን አጠገብ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦሩ ተኩስ ሲለማመድ መንገዱን ይዘጋዋል። ይጠበቃል።

ፈጣን ጀልባ ከኋላ ሲመጣ እናንተ ፍጥነት ቀንሱለት። 7 ላይ ከቆያችሁ እሱ ለማለፍ ይፈጥናል፤ ማዕበሉም ሰሃናችሁን ይሰብራል። ወደ 4 ብትወርዱ ቀስ ብሎ ያልፋል።

የውሃውን ግፊት አስቡበት። ኬፕ ፊር ወንዝ ላይ 3 ኖት ቢቃወማችሁ ከ7 ላይ 4 ይቀራችኋል። ከኋላ ቢገፋችሁ 10 ትሄዳላችሁ። ዘገምተኛ ጀልባ ላለው ሰው ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየው ሰሌዳ ከናፍጣ ይበልጣል።

10. ጆርጂያ እና መልህቅ

ጆርጂያ ውስጥ ውሃው በስድስት ሰዓት ልዩነት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ጫማ ይነሳል፣ ይወርዳል። ጠዋት ሐይቅ የነበረው ከሰዓት ጭቃ ነው። ሄል ጌት፣ ሊትል መድ ሪቨርና ጄኪል ክሪክ የሚባሉት ጥልቀት የሌላቸው ቦታዎች ጋ ውሃው እየሞላ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ እለፉ። እየሞላ ሳለ አሸዋ ብትነኩ ውሃው ራሱ ያነሳችኋል። እየጎደለ ሳለ ከነካችሁ ግን እስኪመለስ ጎናችሁ ላይ ትተኛላችሁ።

መልህቅ ስትጥሉ ሒሳቡ ይህ ነው። ጥልቀቱ 8 ጫማ ነው እንበል። ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ 4 ጫማ ጨምሩ። ሌሊት የሚሞላውን 7 ጫማ ጨምሩ። 19 ሆነ። በ7 አባዙት፤ 133 ጫማ ሰንሰለትና ገመድ ታወጣላችሁ። ብዙ ሰው በማታው ጥልቀት ብቻ አስልቶ ሌሊት ይንሸራተታል።

አጣጣሉም ሥርዓት አለው። ነፋሱን ወይም ግፊቱን ፊት ለፊት ተቀብላችሁ ቁሙ። ጀልባዋ ወደ ኋላ መሄድ ስትጀምር መልህቁን አውርዱት እንጂ አትወርውሩት። ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ ልቀቁ። ሁሉም ሲወጣ እሰሩና ማርሹን ወደ ኋላ አስገብታችሁ በለሆሳስ ሳቡ። አንዳችሁ ሰንሰለቱን በእግር ርገጡት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መልህቁ እየተጎተተ ነው። እንደገና ጣሉ። ከያዘ ባሕሩ ዳር ሁለት ዛፍ መርጣችሁ አንዱን ከሌላው ጋር አስተካክላችሁ እዩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካልተለያዩ ተኙ። ጆርጂያ ውስጥ ሌሊት ግፊቱ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ጀልባዋም ዞራ ትሄዳለች። ዙሪያችሁን ቦታ ተዉ። ከላይ ነጭ መብራት አብሩ።

እኛ እንዲህ አድርገን ከምበርላንድ ደሴት አጠገብ አራት ሌሊት አደርን። ማለዳ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ባሕሩ ዳር ሲግጡ ታያላችሁ። ቡናችንን ከኋላ በኩል ቁጭ ብለን ጠጣን። የሚጠብቀን ሰው አልነበረም።

ከዚያ ፍሎሪዳ ናት። ማናቲ የሚባለው ትልቅ የውሃ እንስሳ ስላለ ቀስ በሉ የሚል ምልክት በየቦታው ተተክሏል። ለእናንተ አዲስ አይሆንም። ሴንት ኦገስቲን በ1565 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከድልድዩ አጠገብ ለእንግዳ ጀልባ የተዘጋጁ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች አሉ፤ አንዱን በሬዲዮ ጠይቃችሁ ያዙ። ከታሰራችሁ በኋላ ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያለ ጭነት አሠሩት፣ ከዚያ አጥፉ። የሞተሩን ሰዓት ቆጣሪ መዝገብ ላይ ጻፉ። ወለሉን ከፍታችሁ ዘይት እንዳላፈሰሰ እዩ። ከዚያ ወረቀቱን ለያዘው ሰው ደውሉ። እህቴ በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳችው።